ስሙን አትጥሩት

የትም ክፍል ግቡ፣ በር አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ፈሪ አታጡም። ቀድሞ የሚመጣው ወንበሩን እንዳይነጥቁት ነው። ቦርሳውን ከጭኑ የማያወርደውም ድንገት መሮጥ ቢመጣ ብሎ ነው።

የእኛ ክፍል ፈሪ ክብርት ወይዘሮ ጠርጥር ይባላሉ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። እኩያዬ ናቸው፤ አንቱ የምላቸው ለሹፈት ነው። ጠዋት ጠዋት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ይለያሉ፣ እኔ ደግሞ ሂሳብ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ኮሌጅ እንማራለን። አፈ ታሪክና ፎክሎር የሚባለውን ኮርስ እኔ ቀላል መስሎኝ ገባሁበት፤ እሳቸው ሌላው ሁሉ ሞልቶባቸው ነው።

እንግዲህ ኮርሱ ስለ ጭራቅ፣ ስለ ዘንዶ፣ ነፍስ ሊወስዱ በር ስለሚያንኳኩ ፍጡራን ነው። ወይዘሮ ጠርጥር ደግሞ ክፉ ነገር ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ይመጣል ብለው ያምናሉ። መምህሩ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ከወደ በሩ "ስሙን አትጥሩት" የሚል ድምፅ ይመጣል። ደብተራቸው ላይ ጭራቁ "እሱ" ነው፣ ዘንዶው "ያ ረጅሙ" ነው፣ ሞት ደግሞ ባዶ መስመር ነው። አንዴ ይህን ደብተር ተውሼ አጠናሁና ማን ማንን እንደበላ ሳላውቅ ፈተና ገባሁ።

የመጽሐፋችን ሰባተኛ ምዕራፍ ስለ ሞት መልእክተኞች ነበር። ወይዘሮ ጠርጥር ምዕራፉን ከነገጾቹ በአራት አግራፍ ጠርቅመው ዘጉት። መምህሩ ምነው ቢሏቸው፣ እዚያው ይቀመጥ፣ እኔን ከእሱ ጋር ምን አጣላኝ አሉ።

አንድ ቀን መምህሩ በብዙ አገር ተረት ጭራቁ ስሙ የታወቀ ዕለት ኃይሉ ይከዳዋል ብለው አስተማሩን። ወይዘሮ ጠርጥር እጃቸውን አወጡና መምህሩ ራሳቸው ሞክረውት እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ። አልሞከሩትም። "እንግዲያው ሌላ ሰው ይሞክረው" ብለው ቁጭ አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔማ "ፈሪ ለእናቱ" ብዬ ተረትኩባቸው። አልተቀየሙኝም። እናታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት እንደሆናቸው፣ አሁን ለማን ብለው እንደሚፈሩ እሳቸውም እንደማያውቁት ነገሩኝ።

በዚያው ወር እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ለምርመራ ከእብጠቱ ቁራጭ ተወሰደ፣ ጠብቁ ተባልን። ቤታችን ውስጥ ስሙ "ያ ነገር" ሆነ። እህቴ ደውላ ያ ነገር እንዴት ሆነ ትለኛለች፣ ያው ነው እላታለሁ። ክፍል ውስጥ ጭራቁን በስሙ እየጠራሁ ስስቅ የምውለው ሰውዬ ቤት ስገባ አንዲት ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለችኝ። ሰሌዳ ላይ ሰባትና ስምንት ስደምር የሦስተኛ ክፍል ልጆች አርመውኛል።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የታሸገ ፖስታ ሰጠኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላለችው ሐኪም አድርስ ተባልኩ። ደረጃውን መውጣት አቃተኝ። እግሬ ይዞኝ ኮሌጅ ሄደ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ያሉት ሁሌም ቀድመው የሚመጡት ወይዘሮ ጠርጥር ብቻ ናቸው። ፖስታውን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

ገልብጠው የላዩን ጽሑፍ አነበቡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። በሃያ ዓመት ሥራቸው የሰው ፖስታ ከፍተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ከዚያ እናትህ ናቸው ወይ አሉኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ልክፈተው አሉኝ። እንደገና ነቀነቅሁ።

ከፍተው ሁለቴ አነበቡት። ወደ በሩ ዞር ሲሉ መሮጣቸው ነው ብዬ ነበር። ተነሥተው በሩን ዘጉትና ተመልሰው ከጎኔ ተቀመጡ።

"ካንሰር ነው" አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ቃሉን ግን አልዋጡትም። "የቀረውን ሐኪሟ ታውቃለች። እኔ ጠራሁት፣ አሁን አንተ ጥራው። ለእናትህ የምትነግራቸው አንተ ነህ።"

ሦስቴ ሞክሬ አልሆነልኝም። በአራተኛው ወጣልኝ። ያን ቀን ክፍል አልገባንም፤ ሆስፒታል ተመልሰን ሦስተኛ ፎቅ አብረን ወጣን።

እናቴ ሕክምና ጀምራለች። መጨረሻው ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ እፈራለሁ፣ በጣም እፈራለሁ። ወይዘሮ ጠርጥር በየሳምንቱ እናቴን ሊጠይቁ እየመጡ በር አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ቦርሳቸው እንደ ልማዱ ጭናቸው ላይ ነው። ሰባተኛው ምዕራፍ እስከ ዛሬ አልተፈታም። አንቱ የምላቸው ግን አሁን ከልቤ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ለማን ብለው እንደሚፈሩ አሁንስ ደርሰውበት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ቀስ ብለህ አውራ" አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ እናቴ አልጋ እያመለከቱ። "አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳቸው።"