አያ ፒኤ የማን ልጅ ነው?

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠላ ስጠምቅ ኖሬ፣ ብቅል በራሱ ጉልበት ያወጣው ነገር ብዙም አላየሁም። ብቅል የሚያወጣው ሰውየው ሊያወጣው የቋመጠውን ነው። ጎረቤቱን ሊሰድብ የተዘጋጀ ሰው ገና ጣሳው ሳይጎድል ይሰክራል። ምስጢር ያለበት ደግሞ ጋን ቢገለብጥ ከንፈሩን አያላቅቅም። የሰደበው ግን ማግሥቱን «ምን ላድርግ፣ መጠጥ ነው» ይላል። ምስኪን መጠጥ! አፍ የለው፣ ጠበቃ የለው፣ ሁሉም ይለጥፍበታል።

ጠጪ ደግሞ ዳኛ ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሙን ሲጠሩት የሚርበተበት ሰው ጣሳ ሲይዝ አንደበቱ ይፈታል። «ጌሾው በዝቷል፣ ብቅሉ ፀሐይ አልጠገበም፣ ጋኑ በወይራ በደንብ አልታጠነም!» ሙቀጫ ይዞ የማያውቅ ሁሉ! እኔ መልሴ አንድ ነው፤ «እንግዲያው አስቀምጠው» እላለሁ። እስከ ዛሬ ያስቀመጠ አላየሁም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። ታናሼ ታረቀኝ ይባላል። እናታችን ይህን ስም ስታወጣለት ከማን ጋር ተጣልታ እንደነበር አላውቅም፤ ልጇ ግን በስሙ ተዳድሮ አያውቅም። የሚኳረፈው ከስንት አንዴ ነው፤ ከተኳረፈ ግን እንደ ጉና ብርድ ነው፣ በጋቢ አይመለስም።

የተኳረፈው ደግሞ ከገዛ ልጁ ከይታያል ጋር ነው። ይታያል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ምግብ ተማረ። ምግብ ትምህርት ያስፈልገዋል? ያስፈልገዋል አሉ። ተመርቆ ቢሮ ይቀመጣል ስንል፣ ባሕር ዳር ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከእኔ ጓዳ ብዙም በማይሰፋ ቤት ቢራ መጥመቅ ጀመረ። ታረቀኝ ይህን ሲሰማ «ሞፈር አሸክሜ ያሳደግሁት ልጅ ጋን ሊያጥን ሄደ?» አለ። በእኛ በጋይንት ወንድ ይጠጣል እንጂ አይጠምቅም። ወንድ ብቅል ሲያሰጣ ከታየ ዶሮዋ እንኳ ጥሬውን ትታ ቆማ ታየዋለች። «እጁ የነካውን መጠጥ አልቀምስም፤ ሠርጉም ላይ አልቆምም» ብሎ በሩን ዘጋ። የልጁ ሠርግ ደግሞ ለጥር ተቆርጧል። ያለ አባት ምርቃት ማግባት ያለ ምሰሶ ቤት መክደን ነው፤ ንፋስ እስኪመጣ ድረስ ቤት ይመስላል።

የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ሆነ። በዋዜማው ይታያል ከአርብ ገበያ ከተማ በባጃጅ ሣጥን ሙሉ ጠርሙስ አስጭኖ ከተፍ አለ።

«እቴቴ፣ ይህን ለማኅበርተኛው ያቅርቡልኝ። አባባ ባይቀምሰው እንኳ ሰው ሲቀምሰው ይየው።»

«ሽማግሌ ጥሎ ቢገድልብኝስ?»

«አይጥልም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሆን ብለን ጉልበቱን ያሳነስነው ነው። ሰው የሚወድለት ሽታውንና ምሬቱን ነው።»

«ቅራሪ ነዋ!» አልሁት። ቅራሪ፣ ለከተሜዎች ልንገራችሁ፣ ጠላው ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭን መጠጥ ነው። ለልጅና ለአጫጅ ይሰጣል። ለቅራሪ ነው እንግዲህ አባትና ልጅ የተኳረፉት! ልጁ ሳቀ። ስሙ «አይ ፒ ኤ» እንደሚባል፣ ከጌሾ ጋር የሚመሳሰል የፈረንጅ አበባ እንደሚጨመርበት አስረዳኝ። ጉልበት እንደሌለው ለማንም እንዳይናገር አስጠነቀቅሁት። ለበጎ እንዳይመስላችሁ፤ የእኔን ጌሾ ሲያማ የኖረ አፍ ሁሉ ቅራሪ ሲያሞግስ ልሰማ ፈልጌ ነው።

ማኅበርተኛው ገባ፤ የነፍስ አባታችን መምሬ ውቤ ባረኩ። ጆሮአቸው የከበደው አያ ጓንጉል ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና «ይህ ማን ይባላል?» አሉ።

«አይ ፒ ኤ» አለ ይታያል።

«አያ ፒኤ? የማን ልጅ ነው? የስማዳ ሰው ነው?»

«እስቲ መጀመሪያ ቅመሱት» አሉ መምሬ ውቤ፤ ቀምሰውም «መራራ ነው፣ የእስቴ ሰው ሳይሆን አይቀርም» አሉ። የእስቴ ተወላጇ ጎረቤቴ እናኑ ዓይኗን አጉረጠረጠች፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ዳኝነቱ ተጀመረ። መምሬ ውቤ ዓይናቸውን ጨፍነው «አፍንጫ ላይ ብርቱካን፣ ምላስ ላይ ኮሶ። ልክ እንደዚህ ዓለም» ብለው ተከዙ። አያ ጓንጉል ጥድ ሥር ተኝተው ዝናብ የመጣባቸው መሰላቸው። እናኑ፣ ጌሾዬን ስታማ ያረጀችው እናኑ፣ «የሽታ ሳሙና የወደቀበት ጠላ ነው» አለችና ጭልጥ አደረገችው። «እስቲ ድገመኝ፤ ሳሙናው የቱ ጋ እንደሆነ በደንብ ልየው።»

«ጉልበቱ ግን!» አሉ አያ ጓንጉል። «ከእግር ነው የሚጀምር!»

እኔ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ። መምሬ ግድግዳ ተደገፉ። እናኑ ስትጠጣ ቆይታ «ቤቱ ዞረብኝ» ብላ ትከሻዬ ላይ ወደቀች። ቤቴ በቅራሪ ሲዞር የመጀመሪያው ነው።

ታረቀኝ ግን በሩ አጠገብ ዋንጫውን ደፍቶ ተቀምጧል። ይታያል ጠርሙስ ይዞ ፊቱ ቆመ። በእኛ ወግ የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለሌላ አይሰጥም። ልጁ መዳፉን ዘረጋ፣ ጠብ አደረገ፣ ቀመሰ።

ታረቀኝ መጠጡን አላየም፤ የልጁን መዳፍ አየ። «እጅህ እንዲህ የተሰነጣጠቀው ከምንድን ነው?»

«ከማጠብ ነው፣ አባባ። ከመጥመቁ ማጠቡ ይበዛል። በርሜሉ፣ ጠርሙሱ፣ ወለሉ...»

«እኔ ተቀምጠህ የምትጠጣ ነበር የመሰለኝ።»

«መች አግኝቼ።»

ወንድሜ ዋንጫውን ቀና አደረገ። «ቅዳ።»

ጠጣ። ደገመ። ዋንጫው ገና ሳይቀመጥ ምሰሶውን ይዞ ተነሣና «ሰክሬያለሁ!» ብሎ አወጀ። ምላሱ ተሳሰረ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ና ወዲህ፣ አንተ ጠማቂ!» ልጁ የአባቱ ጉልበት ላይ ወደቀ። «እንትፍ! እንትፍ! ጎጆህ ይሙቅ፣ ጋንህ አይጉደል! ቀዩ ሰንጋ ለሠርግህ ይታረዳል፤ አስተናጋጁም እኔ ነኝ!» ሴቱ እልል አለ። አያ ጓንጉል ላልሰሙት ሁሉ አጨበጨቡ።

እኔም ደስ አለኝ፤ ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። ሲነጋ «መጠጥ ነው» ይላል ብዬ ሌሊቱን መልስ ሳዘጋጅ አደርሁ። ጎህ ሲቀድ ወደ ቤቱ ገሠገሥሁ። ታረቀኝ በረት ደጃፍ ቆሞ ለቀዩ ሰንጋ የባቄላ ገለባ ይሰጣል።

«እንዳትክድ!» አልሁት ገና ሰላም ሳልለው። «ትናንት የጠጣኸው ቅራሪ ነው! ልጅ ጠጥቶት ትምህርት ቤት ይሄዳል። ሰክሬ ነው ብትል ማንም አይሰማህም!»

ወንድሜ የሰንጋውን ጀርባ እያሻሸ አየኝ።

«እታለም፣ እኔ እኮ ያንቺን ጠላ ጠጥቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቅራሪ ከንፈሬን ሲነካ የማላውቅ መሰለሽ?»

ነጠላዬን አጣፋሁና ቀረብሁት።

«ታዲያ ያ ሁሉ መንገዳገድ?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹አልቆምም› ብዬ ስፎክር ከርሜ እንዴት በደረቁ ልመለስ? ስካር ያለ ነው፤ ሰው ይቅር ይላል።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገለባ አነሣ። «ለማንም እንዳትነግሪ። መጠጡ ብርቱ ነው በይ።»

ወደ ቤቴ ስመለስ መምሬ ውቤንና እናኑን እያሰብሁ ነበር። እነሱስ ቅራሪ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አልጠየቅሁም። ምክንያቱም እኔ ራሴ፣ ከማንም በፊት ያወቅሁት፣ ትናንት እኔም ቀማምሼ አመሻሹ ላይ ጉልበቴ ከድቶኝ እናኑን ተደግፌ ነው የተነሣሁ፤ እግረ መንገዴንም ስታማኝ የኖረችውን ሁሉ ይቅር ብያታለሁ። ይህቺን ዝም ብላችሁ እለፏት።

አሁን ዓርብ ዓርብ ገበያ ስወርድ ሴቶች ጥግ ይዘው ይጠብቁኛል። የአንዷ ባል ከወንድሙ ተኳርፏል፤ የሌላዋ አማት እህል ውሃ አልል ብለዋል። «እትዬ፣ ታረቀኝን የጣለው ያ ብርቱ መጠጥ ከየት ይገኛል?» ይሉኛል።

«ከወንድሜ ልጅ ነው» እላለሁ። «ግን አደራ፣ ከሁለት ጠርሙስ እንዳታሳልፉት። ክፉኛ ይጥላል።»

እናንተም እንግዲህ አንብባችሁ ዝም በሉ።