ጋሽ ውኃ ልክ ዐሥር ጣት አሻራ የሰጡበት ዜና

በዘመነ ቀጠሮ በዘጠነኛው ዓመት፣ አከራያቸው በነገሡ በአራተኛው፣ ሊፍቱ በተበላሸ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት ማክሰኞ ዕለት፣ የወለሎች ሁሉ ጌታ፣ የሴራሚክ አንጣፊዎች አለቃ፣ ጠማማ አይተው የማያልፉት ጋሽ ውኃ ልክ ከፖስታ ሳጥናቸው አንዲት ቀጭን ደብዳቤ አወጡ። ውኃ ልክ መባላቸውም በእንግድነት በሄዱበት ቤት እንኳ በግድግዳ ላይ የዘመመ ሥዕል ካዩ ተነሥተው ሳያቃኑ እህል ስለማይወርድላቸው ነው።

ደብዳቤዪቱንም ይዘው አምስት ፎቅ በእግራቸው ወጡ፤ ወጥተውም ለባለቤታቸው፣ በልብስ ንጽሕና ቤት የሸሚዝ ተኳሾች እመቤት ለሆኑት ሰጧቸው፤ እመቤቲቱም ለታናሽ ወንድማቸው፣ ለአገሩ ቋንቋ ሊቅ ለታክሲ ነጂው አቀበሉት፤ እርሱም አንብቦ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ጥያቄያቸው መጽደቁን አበሠረ። ያን ጊዜ በቤቱ እልልታ ሆነ፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤትም በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን መታ። ጋሽ ውኃ ልክም ወንበር ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ቀጠሮ የሚባል ነገር እንዳይነሣ! አለቀ! ደቀቀ!»

ወእምዝ ታክሲ ነጂው ደብዳቤዪቱን ገለበጣት፤ ጀርባም ነበራት። «ጋሼ፣ እስኪ ውረድ» አለ። «ቀጥሎ የሚደረጉ ነገሮች ይላል።»

በጀርባዋም የተጻፈው ይህ ነበር፦ በሠላሳ ቀን ውስጥ በአካል እንዲቀርቡ፣ የማይስቅ ፎቶግራፍ ሁለት፣ የሚኖሩበትን ቤት የሚያስረዳ ወረቀት አንድ እንዲያመጡ፣ አሮጌውን ጊዜያዊ ወረቀት እንዲመልሱ፣ የዐሥር ጣት አሻራ እንዲሰጡ፤ ሠላሳው ቀን ቢያልፍ ግን ጉዳዩ እንደ አዲስ እንደሚጀመር። የእመቤቲቱም ፋይል በባላቸው ፋይል ላይ የተንጠለጠለ ነበርና እርሳቸው ካርድ ሳይዙ እመቤቲቱ አይዙም፤ ካርድ ሳይዙም ከአገር ወጥተው መመለስ አይችሉም። የእመቤቲቱ እናት ደግሞ የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ እሑድ እሑድ በስልክ «ልጄ፣ ጭላንጭሉ ሳለ መጥተሽ ፊትሽን አሳዪኝ» ይሉ ነበር። ስለዚህ ወንበሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን ወደ ፎቶ አንሺው ዘመቱ። ጋሽ ውኃ ልክ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለመሥሪያ ቤት በተነሡት ፎቶ ሁሉ የተቀበረ ሰው የሚመስሉ ነበሩ፤ በዚያ ቀን ግን ጥርሳቸውን ቢሉት ቢሉት አልሸፈን አላቸው። ፎቶ አንሺው ስድስት ጊዜ አንሥቶ ስድስቱንም ጣለና «አባባ፣ እባክህ አንድ የሚያናድድህ ነገር አስብ» ሲል አወጀ። አከራያቸውን አሰቡ፤ ሰባተኛው ፎቶ ሠመረ።

በዐሥራ አምስተኛውም ቀን፣ ታክሲ ነጂው በፊት፣ እመቤቲቱ በቀኝ፣ ወረቀት የታጨቀበት የጫማ ካርቶን በግራ ሆነው፣ በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ቁጥር ሰባት ፊት ቆሙ። በመስኮቷም የተሾመችው ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወረቀቱን አየች፤ ወደደችውም። ቀጥሎ ጋሽ ውኃ ልክ አውራ ጣታቸውን በመሣሪያው መስተዋት ላይ አሳረፉ፤ መሣሪያውም ቀይ አበራ። ሌባ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ቀይ አበራ። ዐሥሩንም በየተራ አቀረቡ፤ ዐሥሩም ቀይ። ሲሚንቶና ሙጫ የጣቶቻቸውን መስመር ልጦ፣ ጫፋቸውን እንደ ሳሙና አለስልሶት ነበርና።

ሹሟም በታክሲ ነጂው አፍ እንዲህ አወጀች፦ «ጣቱ ላይ ምንም የለም። ሥራ ያቁም፣ እጁን ቅባት ይቀባ፣ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ይምጣ። ከዚያ ወዲያ ግን እኔም የማደርገው የለኝም።»

ወደ ቤትም ሲመለሱ እመቤቲቱ የእጅ ዕረፍት አወጁ፦ «ሳህን እንዳትነካ! ቡሎን እንዳትነካ! የቆርቆሮ ክዳን እንኳ እንዳትከፍት! ቫዝሊን ተቀባና ዝም ብለህ ተቀመጥ።» ጋሽ ውኃ ልክም ዐሥራ አራት ቀን የባለቤታቸውን አበባማ ጓንት አጥልቀው ተቀመጡ። በዕረፍቱ በስምንተኛው ቀን በመታጠቢያ ቤታቸው አንዲት ሴራሚክ ከጓደኞቿ ትንሽ ወጣ ብላ አዩ፤ አይተውም ታመሙ፤ ግን አልነኳትም፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው መላጨት ጀመሩ እንጂ። እንዲህ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ግን ነገሩ ከበዳቸው፤ አንድ ቀን ጓንቱን አውልቀው መዳፋቸውን ብዙ ካዩ በኋላ «ለካ እኔ የለሁም» አሉ። እመቤቲቱ ማንኪያውን አስቀምጠው ያንን እጅ ያዙ፤ አዋጅም አላወጁም።

ሃያ ዘጠነኛውም ቀን ደረሰ። በመስኮት ቁጥር ሰባት ፊት መሣሪያው ቀኝ አውራ ጣትን እምቢ አለ፤ ሌባ ጣትንም እምቢ አለ። ሹሟ ትከሻዋን ሰበቀች። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት በመሥሪያ ቤት ደጅ ድምፃቸው ያልተሰማ እመቤት ወደ መስኮቱ ቀርበው፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ፣ ይህን ታላቅ አዋጅ ነገሩ፦

«ንገራት አንተ! አንዲትም ሳታስቀር ንገራት! የባቡር ጣቢያውን ወለል ያነጠፈው እሱ ነው። የሆስፒታሉንም እሱ ነው። ይህንን፣ አሁን የቆምንበትንም፣ ከሁለት ዓመት በፊት በጉልበቱ ተንበርክኮ ያነጠፈው እሱ ነው። አሻራውን ከፈለጋችሁ ወለላችሁን ነቅላችሁ ውሰዱ!»

ታክሲ ነጂው አንዲት አላስቀረም። ሹሟም ከወንበሯ ተነሥታ ወለሉን አየች፤ ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያም መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች፣ የመሣሪያውን መስተዋት በሹራቧ እጅጌ ወለወለች፣ በመስኮቱም ሥር እጇን አሳልፋ የጋሽ ውኃ ልክን አውራ ጣት በራሷ ጣት ጫን አድርጋ ያዘች። መሣሪያውም ብዙ አሰበ። አረንጓዴም አበራ። ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ ተነፈሰ። ዐሥሩ ጣቶች እንዲህ እየተጫኑ አርባ ደቂቃ ፈጁ፤ ከወረፋውም ማንም አላጉረመረመም።

ሁለቱም ካርዶች በዚያው ቀን ታትመው ወጡ። ታክሲ ነጂው ቢያገላብጠው የጋሽ ውኃ ልክ ቋሚ ካርድ በአምስት ዓመት ያበቃል ይላል፤ ጋሽ ውኃ ልክም «አምስት ዓመት ቋሚ መሆን ቀላል ነው እንዴ?» አሉ። እመቤቲቱ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ለእናታቸው ደወሉ፤ «እማዬ፣ መጣሁ» ብቻ አሉ፤ ሌላውን ዕንባ ቀማቸው።

ጋሽ ውኃ ልክም ከሁለቱ ተለይተው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፖሊስ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ የነበሩት እኒህ ሰው፣ በመንገዱ ዳር ወደ ቆመ አንድ ፖሊስ በቀጥታ ሄዱ፤ ቀርበውም የአውቶቡስ ፌርማታው ወዴት እንደሆነ ጠየቁት። ፌርማታው ከኋላቸው ነበር፤ ያውቁታልም። ፖሊሱ በእጁ አሳያቸው፤ አመስግነውት ተመለሱ።

ሌሎች ጀግኖች ከተማ የያዙት በፈረስ ነው፤ እኒህ ግን ተንበርክከው፣ ክፍል በክፍል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያዙት፤ ማንንም አላፈናቀሉም፤ ገና ያልደረቀውን አትርገጡ ከማለትም በቀር ማንንም አላስፈራሩም። ክብር ለጉልበታቸው ይሁን፤ ለዐሥሩም ጣቶቻቸው በስም በስማቸው፤ ይህንም የጻፍሁ እኔ በዚያ ቀን በወረፋው ዐሥራ ሰባተኛ ሆኜ ያየሁ ነኝ።