ጀግኔን ይዤ ደባርቅ ለሽርሽር

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛ መዝናናት አናውቅበትም። ሰው ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ከጀመረ ወይ ጠበል ሊጠመቅ፣ ወይ ሰርግ ሊበላ፣ ወይ ፍርድ ቤት ሊቆም ነው። «ወዴት ነው?» ሲሉህ «እንዲሁ ነው፤ አየር ልቀበል» ካልክ፣ ጠያቂው ትክ ብሎ ያይህና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ይልሃል። በእኛ ዘንድ እንዲሁ የሚሄድ እብድ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ይህንኑ ሰው ውሻ አስይዙትና አስቡት።

እኔ ያን ሰው ሆኜ አይቸዋለሁ። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ጎንደር እኖራለሁ፤ ውሻዬ ጀግኔ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት ባለቤቴ ናት፤ ነፍሷን ይማርና፣ ገና ቡችላ ሳለ ከዶሮ ሲሸሽ ተመልክታ ነው። ጀግኔ ነጎድጓድ ይፈራል፤ ጃንጥላ ይፈራል፤ ጋዜጣ ሲገለጥ እንኳ ይፈራል፤ ኮሽ ባለ ቁጥር አልጋ ሥር ነው። እሷ ከሞተች ወዲህ ግን ሌላውን ፍርሃት ሁሉ የሚያስንቅ አንድ ፍርሃት ያዘው፤ ብቻውን መቅረት። ከበር ወጣ ካልኩ እስክመለስ ያላዝናል። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ የሚቀበለኝ ከስደት እንደመጣ ሰው ነው። አልዋሻችሁም፣ ይህ አቀባበል ደስ ይለኛል። ሌላ የሚቀበለኝ የለማ!

ሰፈራችን ለልማት ተነሥቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተበትኗል። የኔ ቤት ጥግ ላይ ስለሆነች ተረፈች፤ ይህ መትረፍ ከተባለ። ሰው ሲበተን እድሩም ፈረሰ፤ ድንኳኑንና ድስቱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተን ተሰነባበትን። እድር የሌለው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንዳንዴ ቁጭ ብዬ «ዛሬ ብሞት ማን ያውቃል?» እላለሁ። ጀግኔ ያውቃል። ግን ለማን ይናገራል?

ባሕር ዳር ያለችው ልጄ ይህ ሁሉ ይገባታል። «አባዬ፣ ና ከኛ ጋር ኑር» ማለት ከጀመረች ቆየች። ደግ ልጅ ናት። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ላይ ነው፤ ክፍልም አሰናድታልኛለች። አንድ ነገር ብቻ፤ ውሻው አይሆንም። «ለሆነ ሰው ስጠውና ቁርጡን ንገረኝ» አለች። እኔም «እስኪ ትንሽ አየር ልቀበልና ላስብበት» አልኳት። አንድ የድሮ ተማሪዬ ከደባርቅ ወጣ ብሎ አፋፉ ላይ ለቱሪስት የሠራቸው ጎጆዎች አሉት፤ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ባዷቸውን ናቸው። «ይሂዱና ዘና ይበሉ፣ መምህር» አለኝ። የሚጨነቅ ውሻ በገጠር አየር ይድናል ሲባልም ከስልኬ ላይ ሰምቻለሁ። ይህ ስልክ የማይለው የለም መቸም።

ሚኒባሱ ውስጥ ጀግኔ ጭኔ ላይ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ዳባት ደረስን። ዳባት ላይ አንድ ቄስ ተሳፈሩና ሌላ ወንበር ስለጠፋ አጠገቤ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ውሻውን አዩት።

«ሐኪም ቤት ሊወስዱት ነው?»

«የለም አባቴ፣ ለሽርሽር ነው።»

«የማን ሽርሽር?»

«የሁለታችንም።»

አማተቡና እስከ ደባርቅ ዳዊታቸውን ደገሙ።

ቦታው ግሩም ነው። በሩን ስትከፍቱ ደመናው ከእግራችሁ ሥር ይውላል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ካርታ ላይ በጣቴ ሳሳየው የኖርኩት አገር ቁልቁል ተዘርግቶ ይታያል። «እይ እስኪ!» ብዬ ዞር አልኩ። ጀግኔ አልጋ ሥር ነው። አጠገባችን ወዳለው ብሔራዊ ፓርክ እንዳልወስደው ውሻ ክልክል ነው፤ ለቀይ ቀበሮው በሽታ ያጋባል ተብሎ። ጀግኔ ቀበሮ ቢያይ በሽታ ለማጋባት ጊዜ እንደማይኖረው ማን ባስረዳልኝ! እንዲያ ያለ አገር ፊት ተቀምጦ «አየሽ?» የሚሉት ሰው ማጣት እንዴት እንደሚከብድ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የጎጆዎቹ ጠባቂ አያ ደሴ ይባላሉ። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጆቻቸው ለሥራ መተማ ወርደዋል፤ እሳቸው ሰው የሌለበትን ቤት ሲጠብቁ ይውላሉ። ገና እንደደረስን ጀግኔን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ሊጥሉት ነው?» አሉኝ።

«እንዴት ይጣላል!» ብዬ ተቆጣሁ።

«አይ፣ ውሻ ይዞ እዚህ ድረስ የሚመጣ ሰው መቸም ሊጥል ነው ብዬ ነው። ከጣሉትስ ለኔ ይተዉልኝ። ቤት ውስጥ ኮሽ የሚል ነገር ቢኖር አልጠላም።»

የተቆጣሁት እውነታቸውን ስለነበረ ነው። የመጣሁት ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ነዋ!

ጥቂት ቀን ካደርን በኋላ ቆረጥኩ። ጀግኔን ለአያ ደሴ ትቼ ደባርቅ ገበያ እውላለሁ። ውሎውን ከቻለው እዚሁ ይቀራል፤ እኔም ባሕር ዳር እገባለሁ። ፈተና መሆኑ ነው፤ ፈታኙ ግን ተማሪው እንዲወድቅለት ይጸልያል።

ገበያው ግጥም ብሏል። ድንቹ፣ ገብሱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በጉ። ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳመ ስለ ከብቱና ስለ ልጁ ይጠያየቃል። እኔን «ደህና ዋሉ» ያለኝ የለም። ሻይ ጠጣሁ፤ ቆየሁና ሌላ ሻይ ጠጣሁ። ብቸኝነቴን ጎንደር ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አብሮኝ ተሳፍሯል።

ወደ ማምሻው ስመለስ አቀበቱ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴት ደረስኩባቸው። የተሸፈነ ሌማት ተሸክመዋል። እዝን መሆኑ ገባኝ።

«ማን ሞቶ ነው፣ እትዬ?»

«የጎጆው እንግዳ ናቸው፤ የጎንደሩ መምህር። ውሻ ይዘው የመጡት።»

ቆምኩ። እሳቸው መንገዳቸውን አላቋረጡም።

«ከረፋድ ጀምሮ ውሻው ሲያላዝን ዋለ። ውሻ በደህና እንዲያ አያላዝንም። ኋላ ደግሞ ደሴ ቤቱን ቆልፈው፣ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ከተማ ሲሮጡ ታዩ፤ ካህን ሊጠሩ ይሆናል። ሰውየው ዘመድ የላቸውም አሉ። በሰው አገር ያለ አልቃሽ ይቀበሩ? ነውር ነው ብለን ነው።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «ሟቹ እኔ ነኝ» ይባላል? ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማየት ፈለግሁ። የራሱን ለቅሶ የመድረስ ዕድል የሚገጥመው ስንቱ ነው! ሌማቱን ተቀበልኳቸውና ተከትያቸው ሄድኩ።

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀግኔ ከውስጥ ያላዝናል፤ አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች ሙሾ ታወርዳለች፦

«ምነው መምህሩ፣ ምነው እንግዳዬ፣
ውሻህ ብቻ ነወይ የሚልህ ጌታዬ?»

አለቀስኩ፤ ለራሴ አለቀስኩ። ባለቤቴ ከተቀበረች ወዲህ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ትከሻዬን ያዘኝ።

«እግዜር ያጥናዎት። ሟቹ ምንዎ ነበሩ?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«አዎ፣ ኀዘን እንዲህ ያናግራል» አለና ጭራሽ ደግፎ ያዘኝ።

ያጋለጠኝ ጀግኔ ነው። ድምፄን ሲሰማ መስኮቱን በርግዶ ወጣና፣ ያን ሁሉ ሰው ጥሶ ደረቴ ላይ ተሰቀለ። ሙሾው ተቋረጠ። ግማሹ አማተበ፤ ግማሹ ወደ ኋላ ሸሸ። በዚህ መሃል አያ ደሴ ከከተማ እያለከለኩ ደረሱና ለቀስተኛውን ሲያዩ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ማን ሞተብኝ?» አሉ።

ነገሩ ቀስ እያለ ተፈታ። አያ ደሴ የሮጡት እኔን ፍለጋ ኖሯል። «ሚስቴ የሞተች ዕለት ወንድ ነህ፣ ቻለው ብለው አፌን አስያዙኝ» አሉ፤ «ይኸ ውሻ ያንን ሁሉ ዛሬ አወጣብኝ። ጌታውን ላምጣለት ብዬ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ተላለፍን።» ከዚያ ጀግኔን እያሻሹ «የርስዎ ነው። ከርስዎ ነጥዬ አላኖረውም» አሉኝ። ሰው እያየኝ እጃቸውን ልስም ነበር፤ አልፈቀዱም።

እዝን የመጣ ምግብ ደግሞ ተመልሶ አይሄድም። ተቀምጠን በላነው። እየሳቁ አጎረሱኝ፤ እንዲህ በብዙ እጅ ከጎረስኩ ስንት ዘመኔ ነው! ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን በልጅ እንደታደለ፣ ማን ጉልበቱን እንደሚያመው ሁሉንም ነገሩኝ። ጀግኔ ከሌማቱ አጠገብ ተኝቶ ነበር፤ አልጋ ሥር አልገባም። ሲነሡ እዝን ያመጡት ሴት ወደኔ ዞሩ።

«እንግዲህ መምህር፣ ለቅሶዎን ደርሰናል። ነገ የምርዎን ቢሞቱ ቀሩብኝ ብለው እንዳይቀየሙን። ደግሞ ብድር ነው፤ የኛ ሲሆን እንዳይቀሩ!»

በማግስቱ ልጄ ደወለች። እንደማልመጣ ነገርኳት።

«ምነው አባዬ፣ በውሻው ነው?»

«እሱም አለ። ደግሞ እዚህ ደባርቅ ለቅሶ አለብኝ።»

«ውይ! ማን ሞቶ?»

«ገና ማንም አልሞተም» አልኳት፤ «ሲሆን ግን ሩቅ እንዳልሆን ብዬ ነው።»