ጌታሰውና በስልኩ ያሉት ሁለት ሴቶች

በስልክ ጌም ውስጥ ያሉ ሁለት ሴት ገጸ ባሕርያት ወዶ የምግብ ፍላጎቱ የተዘጋበት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ወረታ ከተማ አብሮኝ የሚያስተምረው ጌታሰው ነው። አንዷ ሐኪም ናት፣ ሌላዋ ጦረኛ። ለአንዷ አበባ ሲሰጥ ሌላዋ ታኮርፋለች፤ እሱን ደግሞ የምር ላብ ያጠምቀዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስልኩን ሲነካካ ፊቱ ድንገት አመድ መሰለ።

«ምነው፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» አልሁት።

«ሁለቱ ድልድይ ላይ ተገናኙ! ማንን እንደምወድ እየጠየቁኝ ነው። ምን ልበል?»

እኔም ወንበሬን አስጠግቼ ስልኩን ማየት ጀመርሁ።

«ለሐኪሟ እሷን እንደምትወድ ንገራት» አልሁት።

«ጦረኛዋስ ብትከፋብኝ?»

ይህን ስንማከር እጮኛው ስንዱ ከተፍ አለች። የሠርጋቸውን ቀን ሊቆርጡ ተቀጣጥረው፣ ከቁሐር ሚካኤል ጭቃውን አቋርጣ መጥታ፣ መናኸሪያው በር ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆማ ጠብቃው ስላልመጣ ልትፈልገው ወጥታ ነው።

«ምን ሆነህ ቀረህ?» አለችው።

ጌታሰው ስልኩን አሳያት። «ከሁለቱ አንዷን እንዳላስቀይም ፈርቼ እኮ ነው።»

ስንዱ መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥላ እሱን አየች።

«እኔን ማስቀየሙንስ አልፈራኸውም?»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ጌታሰው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ ስሟን እየጠራ ተከትሏት ሮጠ።

እኔስ? አትፍረዱብኝና፣ ስልኩን አንስቼ ለሐኪሟ የሚሆን መልስ መፈለግ ጀመርሁ።