የሲስኔባሪ ገንዳ አዋጅ የነገረበት ዓመት

በአምስተኛው ዓመተ አንቴና፣ ይኸውም መጀመሪያው ምሰሶ በመብረቅ ወድቆ ሁለተኛው በቆመበት ዘመን፣ በሲስኔባሪ መንደር ዝናቡ ቀረ። ምንጩ ቀጠነ። ከመንደሩ በላይ፣ ከገደሉ ሥር ያለው የሲሚንቶ ገንዳ ለመሙላት ብዙ ቀን ይፈጅ ጀመር፤ ለሁሉም ቤት እንዲዳረስ ሲባል ደግሞ ሳይሞላ መቅዳት ክልክል ነው። መሙላቱ የሚታወቀው ወጥቶ በማየት ብቻ ነበር። ሴቶች የመዳብ እንስራቸውን አዝለው ዳገቱን ይወጣሉ፣ ክዳኑን ያነሣሉ፣ ያያሉ፣ ባዶ እንስራ ይዘው ይወርዳሉ። የሚታለቡት ጎሾች ወተታቸው ነጠፈ። የሩዙ ችግኝ መደቡ ላይ እንዳለ ቢጫ ሆነ። ጎረቤታሞች በወረፋ ተጣልተው ሳይታረቁ ሰነበቱ። ዘመኑ ይህ ነበር።

በዚያም ዘመን ዳምበር ታፓ ተነሡ፤ ዓቃቤ ባትሪ፣ ፈታሔ ሽቦ፣ ተካዬ ምሰሶ፣ መብረቅ የሳታቸው፣ ምሳ ላይ ነበሩና። እሳቸውም በመጀመሪያው ዓመተ አንቴና ከሸለቆው ማዶ ኢንተርኔትን በድስት ክዳን ስበው ለትምህርት ቤቱ ያመጡ፣ በሁለተኛው ዓመት የመንደሩን ስልክ ሁሉ በፀሐይ ኃይል የሞሉ፣ በሦስተኛው ዓመት ለጠፋ ፍየል የሚጮኽ ቃጭል ሠርተው በፍየሎች አንገት ያሰሩ ናቸው። ፍየሎቹ በጩኸቱ ደንግጠው ማዶ መንደር ገብተው ቀሩ፤ ይህን ግን ዜና መዋዕሉ አያረዝመውም።

ዜና መዋዕል እውነትን ሊናገር ይገባዋልና ዕዳቸውም ይጻፍ።

በዚያ አገር ወንፈል ሕግ ነው። ሴት ትተክላለች፣ ወንድ ያርሳል፤ ሴት እርፍ ብትጨብጥ ዝናብ ይቀራል ይላሉ፣ ስለዚህ አትጨብጥም። የወንፈል ዕዳም በገንዘብ አይከፈልም፣ በሌላ ሰው ጉልበትም አይከፈልም፤ ባለዕዳው ራሱ ይወርዳል። አገሩ ሁሉ ካኪ፣ ማለት አክስት፣ የሚላቸው መበለቷ ሱንማያ፣ ልጆቻቸው በዓረብ አገር ሕንፃ ሲሠሩ፣ አሳር በተባለው የተከላ ወር ጎንበስ ብለው የዳምበርን ማሳ ይተክሉ ነበር፤ ዳምበርም በምላሹ የካኪን ማሳ ሊያርሱ ቃል ገብተው ነበር። ተከላ በደረሰ ቁጥር ግን ዳምበር ወይ ምሰሶ ላይ ናቸው፣ ወይ ለምሰሶው ዕቃ ሊገዙ ፖክራ ከተማ ወርደዋል። ካኪም ሁሉም የራሱን ጨርሶ በሬው እስኪያርፍ ይጠብቃሉ፣ ይለምናሉ፣ ማሳቸው ዘግይቶ ይታረሳል፣ ሩዛቸው ቀጭን ሆኖ ይታጨዳል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ።

በአምስተኛው ዓመተ አንቴና የመንደሩ ሴቶች በባዶው ገንዳ አጠገብ እንስራቸውን አስደግፈው ቆሙና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ዳምበር የካኪን ወንፈል ሳይመልስ እግሯን እሱ ማሳ ውስጥ የምታስገባ ሴት ካለች እናያታለን። ችግኙን በኢንተርኔት ይትከለው።»

አዋጁን ወደ ቤት ያደረሱት ባለቤታቸው ፓቢትራ ናቸው። ካደረሱም በኋላ የራሳቸውን ጨመሩበት፦ «እኔም እዚያው ነበርኩ። እኔም ሴት ነኝ።»

ዳምበር ዕዳቸውን አልካዱም። ነገር ግን አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እርፍ ጨብጠው አያውቁም፤ የገዛ ማሳቸውን የሚያርሰው የፓቢትራ ወንድም ነው፣ በሬዎቹም የሚያውቁት የእሱን ድምፅ ነው። በመላው መንደር ፊት በጭቃ መንከባለልን ፈሩ። ይህን ፍርሃት ለማንም አልነገሩም። ለራሳቸው የነገሩት ሌላ ነው፦ አንድ ማሳ ማረስ የሚጠቅመው ለአንዲት ሴት ነው፣ ገንዳውን ማናገር ግን ለሁሉም ነው፣ ካኪም ከሁሉም አንዷ ናቸው፣ ስለዚህ ዕዳው በዚህ ተከፈለ ማለት ነው። ይህንንም ሐሳብ ይዘው ወደ ካኪ ደጅ ሄደው፣ ከአጥሩ ውጭ ሆነው አወጁ፦ «ካኪ፣ ዘንድሮ ገንዳው ራሱ ሞላሁ ብሎ እንዲናገር አደርግልዎታለሁ።»

ካኪም ምስር መልቀማቸውን ሳያቋርጡ መለሱ፦ «አናግረው ልጄ። እኔ የምፈልገው ግን ከበሬ ጋር የሚነጋገር ሰው ነበር።»

ወእምዝ ዘመቻው ተነሣ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፤ ባትሪውን በቅርጫት አድርገው በግንባራቸው የተሸከሙት ፓቢትራ፣ የቀርከሃውን መሰላል ይዞ ዳገቱን ሁሉ ሲያማርር የወጣው ወንድማቸው፣ በውጭ አገር ጦር ያገለገሉና ምንም ሳይሸከሙ ትእዛዝ የሰጡ ጡረተኛ ሱበዳር፣ ማለት የጦር ሹም፣ እንዲሁም ባለቤት የሌለው ቢጫ ውሻ። ውሻው ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ።

በይእቲ ዕለት ዳምበር ጥበባቸውን ገለጡ። ባዶ የዘይት ጀሪካን በገመድ አስረው ገንዳው ውስጥ ጣሉ፤ ውሃው ሲሞላ ጀሪካኑ ይንሳፈፋል፣ ጀሪካኑ ሲነሣ ሁለት ሽቦዎች ይገናኛሉ፣ ሽቦዎቹ ሲገናኙ ድምፅ የሚቀዳው ሣጥን ይነቃል፣ ከገንዳው አጠገብ በቆመው ምሰሶ ጫፍ ያለው ድምፅ ማጉያም የተቀዳውን ቃል ለሸለቆው ይጮኻል። መጀመሪያ የራሳቸውን ድምፅ ቀድተው ለሙከራ ጀሪካኑን በእጃቸው አነሡት። ድምፁ ሸለቆውን ሞላ። ከታች ግን ማንም ከተቀመጠበት አልተነሣም። አንዲት ሴት ብቻ «ዳምበርን ጉንፋን ይዞታል» ስትል ተሰማች።

ምክንያቱም በሲስኔባሪ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣ ድምፅ አንድ ነው፤ እሱም የአዋጅ ነጋሪው የጉማኔ። ጉማኔ እንደ አባቱና እንደ አያቱ ከገደሉ ጫፍ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ የጮኸው ይሆናል። ከዚያ ድንጋይ ስሙ የተጠራ ሰው አልሄድም ብሎ አያውቅም፤ አልሄድም ያለ ቢኖር የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ጉማኔ ተጠራ። መጥቶም ሣጥኑን ዞሮ አየው።

«ሥራዬን ለዚህ ልትሰጠው ነው?» አለ።

«ጉልበቴን አመመኝ ስትል አልነበር? አንተ ቤትህ ተቀመጥ፣ ድምፅህ ይሥራ» አሉት ዳምበር።

ጉማኔ ይህን ወደደው። ጉሮሮውን ጠራረገ። «ምን ልበል?»

«ገንዳው ሞልቷል በል።»

«ሞልቷል እንዴ?»

«አልሞላም። ሲሞላ ነው ሣጥኑ የሚጮኸው።»

«ሣጥኑ የፈለገ ጊዜ ይጩህ። እኔ የምጮኸው አሁን ነው፤ አሁን ደግሞ አልሞላም።»

ዳምበር አስረዱ። እንደገናም አስረዱ። ሱበዳሩ አዘዙ። ጉማኔ ግን ያልሆነ ነገር ከአፉ አይወጣም፤ በአያቱ ዘመን አንድ አዋጅ ነጋሪ ያልሞተውን ሞተ ብሎ ጮኾ፣ ሰውዬው በማግስቱ ሞተ፣ ከዚያ ወዲህ በዘራቸው ይህ ነገር ተከለከለ። በመጨረሻ ዳምበር ድካም ይዟቸው እንዲህ አሉ፦ «እሺ፣ እውነት የሆነውን ማንኛውንም ነገር ጩህ። ለሙከራ ነው፤ ገንዳው ሲሞላ እንቀይረዋለን።»

ጉማኔ ዞረና ቁልቁል አየ። ከታች የካኪ ማሳ ተሰነጣጥቆ ይታያል። ደረቱን ሞላ፣ እንዲህም ሲል ጮኸ፦

«ስማ፣ የሲስኔባሪ ሰው። ዳምበር ታፓ የሱንማያ ካኪ የእርሻ ዕዳ አለበት። ዝናብ በጣለ ማግስት ጥማዱን ይዞ ማሳቸው ይወርዳል። ያልሰማህ ስማ።»

ሱበዳሩ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ዳምበርም «እውነት ብቻ አልኩህ እኮ» አሉ።

«ዕዳው እውነት ነው» አለ ጉማኔ። «መውረድህ ደግሞ እውነት ሆኗል፤ ጮኼዋለሁ።»

ዳምበር የተቀዳውን ሊያጠፉ ጣታቸውን ዘረጉ። ጉማኔ ግን በጣም በክፉ ዓይን አያቸው፣ የፓቢትራም ዓይን ከዚያ የተሻለ አልነበረም፣ ሰማዩ ደግሞ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ነበር። ደመና በሌለበት ምን ያስቸኩላል ብለው ተዉት። የድምፅ ማጉያውን ሽቦ አጠባብቀው ወረዱ። ከዚህም በኋላ በየቀኑ እቀይረዋለሁ እያሉ፣ በየቀኑ የማዶ መንደር ራውተር እየተበላሸባቸው ሰነበቱ።

ዝናቡ የመጣው ማንም ሳያስበው ነው። ከቀትር በኋላ ጀምሮ ሳያባራ ጣለ። ጧት ላይ ሲያቆም ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ጣራው ሲንጠባጠብ ያይ ነበር። ዳምበርም የጥርስ ብሩሻቸውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ነገሩ ትዝ አላቸው፤ ብሩሹን ሳያወጡ ዳገቱን በሩጫ ተያያዙት። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ ጀሪካኑ ተነሣ፣ ሽቦዎቹ ተገናኙ፣ ከምሰሶው ጫፍ የጉማኔ ድምፅ ሸለቆውን ሞላው። ዳምበር ታፓ የሱንማያ ካኪ የእርሻ ዕዳ አለበት አለ። ጨረሰ፣ ደግሞም ከመጀመሪያው ጀመረ።

ሰው ሁሉ ከደጁ ወጣ። ጉማኔ ራሱ በገዛ ድምፁ ከቤቱ ወጣ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ አንዷ «ገንዳው ሞልቷል ማለት ነው» አለች፣ ሁሉም እንስራቸውን አነሡ። ካኪ ግን እንስራ አላነሡም። ዶማ አንሥተው የማሳቸውን ውሃ መግቢያ ሊከፍቱ ሄዱ።

ዳምበር ከምሰሶው ሥር ቆመው ሰሙ። ሥራቸው ሠርቷል፤ በሕይወታቸው እንደዚያ በትክክል የሠራላቸው ነገር የለም። ያን ጊዜ ከታች የፓቢትራ አዋጅ መጣ፤ ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋቸውም።

«በሬዎቹ ተጠምደዋል። ውረድ።»

ወረዱም። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ እርፉን ጨብጠው፣ ካሌና ጎሬ ከተባሉት ከጥቁሩና ከነጩ በሬ ጀርባ ቆሙ። መላው መንደር ድንበሩ ላይ ተሰልፏል። የፓቢትራ ወንድም አንድ ቃል እንዳይተነፍስ ተነግሮታል። ዳምበር በሬዎቹን ተናገሩ፤ በሬዎቹ አልሰሙም። ጮኹ፤ ካሌ ዞሮ አያቸው። ጅራፉን ሲያነሡ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተነሡ፣ ዳምበርም ከኋላ እየተጎተቱ በደረታቸው ገቡ፣ ከደረት ኪሳቸውም ስልካቸው ወጥቶ ጭቃው ዋጠው።

«ዳምበር ዳይ» አለች ያችው ጉንፋን ይዞታል ያለችው ሴት፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ «እዚያ ታች ኔትወርክ አለ?»

ሳቁ ገደሉ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ፈርተውት የነበረው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ደረሰባቸው፤ ከዚያ በላይ የሚደርስባቸው አልነበረም። ተነሡ። ስልኩን አልፈለጉም። ይህ ከሥራቸው ሁሉ ይበልጣል።

ካኪ ዶማቸውን ተደግፈው ከድንበሩ ላይ ተናገሩ፦ «ፈሩን አትይ፣ በሬውን እይ። ቀስ ብለህ ተናገረው፤ አባትህ ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው።»

ዳምበር ቀስ ብለው ተናገሩ። ካሌ ሄደ፣ ጎሬም ሄደ። ፈራቸው እንደ ሽቦ ጥቅልል ተጠማዞ፣ አንዳንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ታርሶ አንዳንዱ ቦታ ተዘሎ፣ እንደገና ተመልሰውበት፣ መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ፣ ፀሐይ ወደ ማዶ ስታዘነብል ማሳው ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ሆነ። ያን ጊዜ ካኪ የመጀመሪያውን እስር ችግኝ ይዘው ገቡና፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ከሌሎቹ እኩል ተከሉ። ሴቶቹም ተከትለው ገቡ።

በኋላም ካኪ እጃቸውን ታጥበው፣ የተደቆሰ ሩዝ በእርጎ አድርገው ለዳምበር በቅጠል አቀረቡላቸው። «የአራሽ ምሳ ነው» አሉ። «በየዓመቱ እሠራውና ራሴ እበላው ነበር። ነገ አንተ ማሳ እወርዳለሁ።» ዳምበር ቅጠሉን ተቀብለው በሉ።

ወእምድኅረዝ ጉማኔ ገንዳው ሞልቷል የሚለውን አዋጅ እንዲቀዳ ወደ ገንዳው ተወሰደ። ክዳኑን አንሥቶ አየ። ሴቶቹ ቀድተውት፣ ከጭቃ የወጣውም ሁሉ ታጥቦበት፣ ገንዳው ባዶ ነበር። ጉማኔ ክዳኑን መለሰ፣ ደረቱን ሞላ፣ እውነት የሆነውንም ጮኸ።

ስለዚህ ሌሎች ጀግኖች ስማቸው በድንጋይ ይጻፍ፣ ዝናብም ይጠበው። የዓቃቤ ባትሪ፣ የፈታሔ ሽቦ፣ የጠማማ ፈር ጌታ የዳምበር ታፓ ስም ግን ምንጩ እስካልደረቀ ድረስ፣ ገንዳው በሞላ ቁጥር፣ ከምሰሶው ጫፍ ለሸለቆው ሁሉ ይነገራል፦ «ስማ፣ የሲስኔባሪ ሰው። ዳምበር ታፓ የሱንማያ ካኪን ማሳ አርሷል። ዕዳ የለበትም። ያልሰማህ ስማ።»

ሴቶቹም ይህን ሲሰሙ እንስራቸውን ያነሣሉ። ካኪም የራሳቸውን ያነሡና፣ ዳገቱን ከመጀመራቸው በፊት፣ ወደ ምሰሶው ቀና ብለው ይመልሱለታል።

«የለበትም» ይላሉ።