ታስክባሩን ማን ወሰደው?

ኮምፒውተር ሲበላሽ ጠጋኝ ሳይሆን ሌባ የሚፈልግ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛ አለቃ ኦቦ ገመቹ እንደዚያ ናቸው። ቢሯችን ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ነው። በቀደም ኮምፒውተራቸው አፕዴት ተደርጎ ሲነሳ ከስክሪኑ ግርጌ ያለው ታስክባር የለም።

«ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ?» ብለው ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምሮ የሁላችንንም ቃል ተቀበሉ። እኔ ሳላጠፋ ላብ አጠመቀኝ።

በመጨረሻ ከሲሬ ተዛውራ የመጣችው ጫልቱ አዘነችላቸው መሰለኝ፣ ማውዙን ወደ ታች ስትወስደው ታስክባሩ ብቅ አለ።

«አልተሰረቀም ኦቦ፣ ራሱን እንዲደብቅ ተደርጎ ነው» ብላ ሴቲንጉን አስተካከለችው። ሁላችንም እፎይ አልን።

ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን አውልቀው ትኩር ብለው አዩዋት።

«የተደበቀበትን በምን አወቅሽ?»

ከዚያ ወዲህ በቢሯችን ስለ ኮምፒውተር አውቃለሁ የሚል ሰው የለም።