ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ

[ፍኖተ ሰላም። እማዋይሽ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚደወልላቸውን ሁሉ ጎረቤት ስለሚያነሳላቸው፣ ወሬው ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ ነው እሳቸው ጋ የሚደርሰው። ልጃቸው ያምሮት ቡሬ ሐኪም ቤት ለመውለድ ገብታለች፤ የዛሬዋን ወሬ እንኳ ከሰው ቀድመው በገዛ ጆሯቸው ሊሰሙ ቆርጠዋል። የክርስትና ልጃቸው ታደለ ባጃጁን ደጅ አቁሞ፣ ስልካቸው ጣት ያረፈበትን ሁሉ በሴት ድምፅ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው አድርጎታል።]

ታደለ፦ ተበላሸ አልኩዎት እኮ!

እማዋይሽ፦ አሁን "አበጀሁት" ብለህ አልነበር?

ታደለ፦ ካበጀሁት በኋላ ነው የተበላሸው! ይስሙ። [ይነካል]

ስልኩ፦ መልእክት። ለመክፈ—

ታደለ፦ [ደግሞ ይነካል] ክፈት!

ስልኩ፦ ሰዓት። ለመ—

ታደለ፦ ክፈት እንጂ!

ስልኩ፦ ካሜራ። ለ—

ታደለ፦ ይኸው! እንደ መናኸሪያ ወያላ ስም ይጠራል እንጂ ፈቀቅ አይልም።

እማዋይሽ፦ ታደለ፣ ሴትዮዋ አንድ ነገር ልትልህ ነው። እያቋረጥካት እኮ ነው።

ታደለ፦ የቷ ሴትዮ?

እማዋይሽ፦ ውስጥ ያለችው።

ታደለ፦ [ይስቃል] እርስዎ ይሙቱ ሴትዮ የለችም! ማሽን ናት።

እማዋይሽ፦ ትሁና። የሚናገር ይደመጣል።

ታደለ፦ መናኸሪያው ላይ ለስንቱ ሰው ስልክ እንዳስተካከልኩ ቢያውቁ!

እማዋይሽ፦ ከነሱ ውስጥ ተናግሮ የጨረሰ አለ?

[ስልኩ ይጮኻል።]

ስልኩ፦ ያምሮት እየደወለች ነው።

እማዋይሽ፦ ልጄ! አንሳው!

ታደለ፦ [ስልኩን ወዲያ ወዲህ እየጠረገ] ያው እያነሳሁ... እምቢ አለ!

ስልኩ፦ ያምሮት እየ— ያም— ያ—

እማዋይሽ፦ የልጄን ስም ቆራረጥከው! አምጣ ወዲህ!

ታደለ፦ እኔ ያቃተኝን እርስዎ?

[እማዋይሽ ስልኩን ጭናቸው ላይ ያኖሩና አንድ ጣታቸውን አሳርፈው ያዳምጣሉ።]

ስልኩ፦ ጥሪውን ዝጋ።

እማዋይሽ፦ እሱስ ይቅርብን። [ጣታቸውን ቀስ ብለው ወደ ጎን ያንሸራትታሉ]

ስልኩ፦ ጥሪውን አንሳ።

ታደለ፦ ይጫኑት! ሊቋረጥ ነው!

እማዋይሽ፦ እጅህን ሰብስብ! አልጨረሰችም።

ስልኩ፦ ለማንሳት ሁለቴ ነካ ያድርጉ።

እማዋይሽ፦ እግዜር ይስጥልኝ። [ሁለቴ ነካ ያደርጋሉ]

ያምሮት፦ [ከስልኩ፣ በደከመ ድምፅ] እማ?

እማዋይሽ፦ ወዬ ልጄ! እኔ ነኝ! ራሴ ነኝ ያነሳሁት!

ያምሮት፦ ተገላገልኩ እማ። አንድ ወንድ—

ታደለ፦ ወንድ! እልልልል!

[ሮጦ ይወጣል። የባጃጁ ጡሩምባ መንገዱን ይዞ ሲሄድ ይሰማል፤ ከየደጁ እልልታው ይቀልጣል።]

እማዋይሽ፦ [ስልኩን ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ] እሺ ልጄ። ጨርሺ።

ያምሮት፦ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። መንታ ናቸው እማ። ሐኪሞቹ ቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ ከሰው ሁሉ በፊት አንቺ እንድትሰሚ ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም።

[እማዋይሽ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። ዕንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። ሰፈሩ ያልሰማውን ብቻቸውን ካወቁ ስንት ጊዜያቸው! ልጃቸውን መርቀው፣ እንድትተኛ ነግረው፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከእጃቸው አይለዩትም። ታደለ እያለከለከ ይመለሳል።]

ታደለ፦ እስከ መናኸሪያ አዳረስኩት! ያልሰማ የለም!

እማዋይሽ፦ ጎበዝ። የቀረውን ግማሽስ?

ታደለ፦ የምን ግማሽ?

እማዋይሽ፦ ቁጭ በልና ስማኝ። የወንዱ ልጅ ነገር—

ታደለ፦ ገባኝ! ስሙን ታደለ አላችሁት! እልልልል! [ሮጦ ይወጣል። ጡሩምባው እንደገና።]

እማዋይሽ፦ [ስልኩን እየዳበሱ] አይዞሽ እህቴ። ስትችይው የዋልሽው ይኼንን ነው ለካ።